የቫሪያብል ህላዌ

ሎካል ቫሪያብል በአንድ ፋንክሽን ውስጥ ተሰይሞ፣ ፋንክሽኑ ሥራውን ሲጨርስ አብሮት የሚያበቃ መያዣ ነው ይባላል። መማሪያ መጻሕፍት በሣጥን ሥለው ያሳዩታል፤ በሣጥኑ ላይ ስም ተጽፏል፣ በውስጡ ቁጥር አለ፣ ሣጥኑም ሚሞሪ ውስጥ አንድ ቦታ ላይ ተቀምጧል። ሥዕሉ ለጀማሪ ይበጃል። ችግሩ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን፣ ስምን፣ ቦታንና ዋጋን፣ አንድ አድርጎ ማቅረቡ ነው። ሦስቱ ሲለያዩ ቫሪያብሉ ከየትኛው ጋር ይቀራል? ጥያቄው የፍልስፍና ነው፤ አንድን ነገር ያው ራሱ የሚያሰኘው ምንድን ነው ከሚለው ከጥንቱ ክርክር አይለይም። ፈላስፎች ግን ሳይስማሙ ዘመናት ማሳለፍ ይችላሉ። የተጻፈን ፕሮግራም ወደ ማሽን ትእዛዝ የሚተረጉመውን ኮምፓይለር የሚሠራ ሰው ይህ ዕድል የለውም፤ ለእያንዳንዱ ስም ስንት ባይት፣ የት፣ እስከ መቼ የሚለውን ቆርጦ መናገር ግዴታው ነው።

የመጀመሪያው መልስ ስምና ቦታ አንድ ናቸው የሚል ነበር። በ1957 ከአይቢኤም የወጣው የፎርትራን ቋንቋ፣ ፕሮግራሙ ሥራ ሳይጀምር ለእያንዳንዱ ስም አንድ ቋሚ አድራሻ ይመድብ ነበር። ስሙ የአድራሻው ቅጽል ነው፤ ከዚያ ያለፈ ትርጉም የለውም። አሠራሩ ቀላልና ፈጣን ነው፤ ስንት ሚሞሪ እንደሚያስፈልግም አስቀድሞ ይታወቃል። ጣጣው የሚመጣው አንድ ፋንክሽን የጀመረውን ሳይጨርስ ራሱን ሲጠራ ነው። አዲሱ ጥሪ የሚጽፈው በአሮጌው ጥሪ ቁጥሮች ላይ ነው፤ የመመለሻ አድራሻውም አንድ ብቻ ስለሆነ በአዲሱ ይሸፈናል፣ የመጀመሪያው ጥሪም ወደ ጠሪው የሚመለስበትን መንገድ ያጣል። በዚህ ምክንያት የፎርትራን ስታንዳርድ ራስን መጥራትን የፈቀደው በፎርትራን 90 ነው፤ ያውም ፋንክሽኑ ራሱን እንደሚጠራ በግልጽ ከተጻፈለት።

በ1960 የወጣው የአልጎል 60 ቋንቋ ሰነድ ይህን ክልከላ ትቶ መጣ። በዚያው ዓመት በአምስተርዳም የሒሳብ ማዕከል ኤድስኸር ዳይክስትራና ያፕ ዞነቬልድ ለኤክስ1 ኮምፒውተር የሠሩት ኮምፓይለር፣ ራስን መጥራት በተግባር የሚቻል መሆኑን አሳየ። መፍትሔው ቦታን ከስም ነጥቆ ለጥሪ መስጠት ነበር። ፋንክሽን በተጠራ ቁጥር ለዚያ ጥሪ ብቻ የሚሆን አዲስ ቦታ ይከፈታል፤ ጥሪው ሲያልቅ ቦታው ይለቀቃል። የመጨረሻው ጥሪ ሁልጊዜ መጀመሪያ ስለሚያልቅ፣ ቦታዎቹ መሶብ ውስጥ እንደተደራረበ እንጀራ ናቸው፤ በመጨረሻ የተደረበው መጀመሪያ ይነሣል። ስታክ የሚባለው ይህ ነው።

ሐሳቡ ግን ከአልጎል ይቀድማል። አለን ቱሪንግ በ1945 መጨረሻ ላይ ለኤሲኢ ኮምፒውተር ባዘጋጀው ንድፍ፣ አንድ ሥራ ተቋርጦ ወደ ሌላ ሲኬድ የመመለሻውን ማስታወሻ «መቅበር»፣ ሲመለሱ ደግሞ «ከተቀበረበት ማውጣት» የሚሉ ሁለት ትእዛዞችን አስቦ ነበር። በሙኒክ ክላውስ ዛመልሶንና ፍሪድሪኽ ባወር በ1957 ለተመሳሳይ ዘዴ የፈጠራ መብት ሲጠይቁ የሰጡት የጀርመንኛ ስም ምድር ቤት፣ የጓዳ ጉድጓድ ማለት ነው። ከሁሉም ስሞች እውነቱን አቅርቦ የሚናገረው የቱሪንግ ቃል ነው፤ የተቀበረ ነገር ከዓይን ይሰወራል እንጂ ወዲያው አይጠፋምና።

አሠራሩን በቅርብ ለማየት ከ1 እስከ ተሰጠው ቁጥር ያሉትን የሚደምር አጭር ፋንክሽን ይበቃል። ቁጥሩ «ኤን» ይባል። ኤን ዜሮ ከሆነ ፋንክሽኑ ዜሮ ይመልሳል፤ አለዚያ ከኤን በአንድ በሚያንስ ቁጥር ራሱን ይጠራና በሚያገኘው ውጤት ላይ ኤንን ይደምራል። ይህ ሲ በተባለው ቋንቋ ተጽፎ፣ ጂሲሲ በተባለው ኮምፓይለር ያለ ምንም ማሻሻያ፣ በ64 ቢት የኢንቴል ፕሮሰሰር ላይ ለሚሠራ ሊኑክስ ሲተረጎም፣ ጥሪው ራሱ 8 ባይት የመመለሻ አድራሻ ስታክ ላይ ያስቀምጣል። ፋንክሽኑ ሲገባ የጠሪው ቦታ መነሻ የት እንደሆነ የሚናገረውን የመሠረት ጠቋሚ፣ ሌላ 8 ባይት፣ ይደርብበታል። ቀጥሎ የስታኩን ጫፍ የሚያሳየውን የስታክ ጠቋሚ በ16 ባይት ዝቅ ያደርጋል፤ በዚህ ማሽን ላይ ስታክ የሚያድገው ከትልቅ አድራሻ ወደ ትንሽ ነው። ኤን ራሱ የሚያስፈልገው 8 ባይት ብቻ ነው፤ የቀረው 8 ባይት የተጨመረው ጥሪ በሚደረግበት ቅጽበት የስታክ ጠቋሚው ለ16 እንዲካፈል ደንቡ ስለሚያዝ ነው። በድምሩ 32 ባይት ሆነ። ለአንድ ጥሪ የተከፈተው ይህ ቦታ ፍሬም ይባላል።

ፋንክሽኑ በ3 ቢጠራ ጥሪዎቹ አራት ናቸው፤ በ3፣ በ2፣ በ1 እና በ0። ከመጨረሻው ጥሪ ላይ ቆሞ ለሚያይ 128 ባይት ላይ አራት ኤኖች ተደርድረዋል። በፕሮግራሙ ጽሑፍ ውስጥ ግን ኤን አንድ ነው። አራቱ ሞክሼዎች ናቸው፤ ስማቸው አንድ፣ አካላቸው ለየብቻ። በአንድ ሰፈር አራት አበበ ቢኖሩ ማንም አንድ ሰው ናቸው እንደማይል ሁሉ፣ አራቱን ኤኖች የሚለያቸው ስማቸው ሳይሆን የቆሙበት ጥሪ ነው። የፎርትራን መልስ የወደቀው እዚህ ላይ ነው፤ ሞክሼ የሌለበት ዓለም ነበር ያሰበው።

ከዚህ የሚገርመው ደግሞ ስሙ እስከ መጨረሻው አለመዝለቁ ነው። ኮምፓይለሩ ባወጣው ትእዛዝ ውስጥ ኤን የሚል ነገር የለም። ያለው «ከመሠረቱ 8 ባይት ዝቅ ብሎ» የሚል ርቀት ብቻ ነው። መሠረቱ የት እንደሆነ ኮምፓይለሩ አያውቅም፤ ፕሮግራሙ በተነሣ ቁጥርም ሊኑክስ ለደኅንነት ሲል ስታኩን ከተለያየ አድራሻ ያስጀምረዋል። በ1715 እና በ1716 ፈላስፋው ላይብኒትዝና የኒውተን ወገን የነበረው ሳሙኤል ክላርክ በደብዳቤ የተሟገቱት ስለዚሁ ነበር ማለት ይቻላል። ክላርክ ቦታ ነገሮች ባይኖሩበትም በራሱ የሚኖር ነው ሲል፣ ላይብኒትዝ ቦታ ማለት ነገሮች እርስ በርስ ያላቸው አቀማመጥ እንጂ በራሱ የቆመ ነገር አይደለም ብሎ መለሰ። በስታክ ጉዳይ ሁለቱም ድርሻቸውን ያገኛሉ፤ ኮምፓይለሩ እንደ ላይብኒትዝ ዝምድናን ብቻ ያውቃል፣ ማሽኑ ደግሞ ሲሠራ እንደ ክላርክ ቁርጥ ያለ አድራሻ ይፈልጋል።

እስከዚህ ድረስ ቫሪያብል ቢያንስ ቦታ አለው። ኮምፓይለሩ ፕሮግራሙን ለማፍጠን የሚያደርገው ማሻሻያ ሲበራ ይህም ይቀራል። ሬጅስተሮች ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያሉ፣ ከሚሞሪ እጅግ የሚፈጥኑ ጥቂት መያዣዎች ናቸው፤ በተጠቀሰው የማሽን ዓይነት ለጠቅላላ አገልግሎት የተሰየሙት 16 ሲሆኑ አንዱ የስታክ ጠቋሚው ራሱ ነው። በአይቢኤም ይሠራ የነበረው ግሪጎሪ ቼይቲን ከባልደረቦቹ ጋር በ1981 ባወጣው ጽሑፍ፣ ቫሪያብሎችን ለሬጅስተር ማከፋፈል ካርታን ቀለም ከመቀባት ጋር አንድ መሆኑን በሥራ አሳየ። በአንድ ጊዜ በሕይወት ያሉ ሁለት ዋጋዎች እንደ ተዋሳኝ አገሮች ናቸው፤ አንድ ቀለም አይቀቡም። ዕድሜያቸው የማይገናኝ ግን ቀለም ይጋራሉ። (ቼይቲን በፍልስፍናው ዓለም ይበልጥ የሚታወቀው ስለ ሒሳብ ማስረጃ ወሰን በጻፈው ነው፤ ስለ ህላዌ የሚያስብ ሰው ሬጅስተር ሲያከፋፍል መገኘቱ እንግዳ ሊሆን አይገባም።) ስታክ ቀለም ላልደረሳቸው ማረፊያ ይሆናል። እዚያም ቢሆን ስስት አለ፤ አንዱ ቫሪያብል አገልግሎቱን ሲጨርስ ሌላው በዚያው 8 ባይት ላይ ይተካል። ያው ቫሪያብልም በፋንክሽኑ መጀመሪያ በአንድ ሬጅስተር፣ በመካከል ስታክ ላይ፣ በመጨረሻ በሌላ ሬጅስተር ሊገኝ ይችላል። ቦታ ማንነቱ ቢሆን ኖሮ ሦስት ጊዜ ሌላ በሆነ ነበር።

የቀረው ዋጋ ነው። ዋጋ ደግሞ ይለዋወጣል፤ ቫሪያብል በሒሳብ መጻሕፍት ተለዋዋጭ መባሉም ለዚህ ነው። የሒሳብና የፍልስፍና ሊቁ ጎትሎብ ፍሬገ በ1904 ፋንክሽን ምንድን ነው በሚል ርእስ በጻፈው ላይ ይህን አጠራር አጥብቆ ነቀፈ። የሚለዋወጥ ቁጥር የሚባል ነገር የለም፤ 3 ሁልጊዜ 3 ነው፣ 4ም 4። ተለወጠ ሲባል በአንዱ ጊዜ አንዱ ቁጥር፣ በሌላው ጊዜ ሌላው ነበር ማለት ብቻ ነው። የዛሬ ኮምፓይለሮች ሳያነቡት የፍሬገ ደቀ መዛሙርት ሆነዋል። በ1980ዎቹ መጨረሻ በአይቢኤም ተመራማሪዎች የተቀረጸና ዛሬ በጂሲሲም፣ ኤልኤልቪኤም በተባለው ሌላ የኮምፓይለር ሥርዓትም የሚሠራበት ውስጣዊ አጻጻፍ፣ እያንዳንዱ ስም ዋጋ የሚቀበለው አንድ ጊዜ ብቻ እንዲሆን ያስገድዳል። ፕሮግራመሩ ለአንድ ቫሪያብል መጀመሪያ 1፣ ቀጥሎ 2 ቢሰጥ፣ ኮምፓይለሩ ለሁለት ከፍሎ የመጀመሪያውና ሁለተኛው የሚሉ ሁለት ስሞች ያደርጋቸዋል። ከዚህ ወዲያ ተለዋዋጩ አይለወጥም። ፕሮግራመሩ አንድ ነው ብሎ የጻፈው በኮምፓይለሩ መዝገብ ላይ አምስት ወይም አሥር ሆኖ፣ አንዳንዱ ሬጅስተር አግኝቶ፣ አንዳንዱ ስታክ ላይ ወርዶ፣ አንዳንዱ ጨርሶ ተሰርዞ ይገኛል።

ኮምፓይለሩ ይህን ሁሉ የሚያደርግበት ሥልጣን ከየት መጣ? የሲ ስታንዳርድ ሎካል ቫሪያብል ስታክ ላይ ይቀመጥ አይልም። የሚለው ቫሪያብሉ ዕድሜ እንዳለው፣ ዕድሜው እስካለ ድረስ የመጨረሻውን ዋጋ እንደሚይዝ ነው። ኮምፓይለሩንም የሚያስገድደው ከውጭ ሊታይ በሚችለው ብቻ ነው፤ በሚታተመው፣ በሚነበበው፣ ፋይል ላይ በሚጻፈውና በመሳሰሉት። ውጤቱ ጽሑፉ ቃል በቃል የተፈጸመ ያህል ከሆነ፣ በመካከል የተደረገው የኮምፓይለሩ ጉዳይ ነው።

የመደመሪያው ፋንክሽን በአንድ ሚሊዮን ቢጠራ የዚህ ደንብ ጉልበት ይታያል። ያለ ማሻሻያ፣ ፍሬሞቹ 32 ሚሊዮን ባይት ይፈልጋሉ። ሊኑክስ ለስታክ በተለምዶ የሚፈቅደው 8 ሜጋባይት፣ ማለትም 8,388,608 ባይት ነው፤ ለ32 ሲካፈል 262,144 ይወጣል። ስለዚህ ፕሮግራሙ ከሩብ ሚሊዮን ጥሪ ጥቂት ቢያልፍ ወሰኑን ይጥሳል፣ ሊኑክስም ይገድለዋል። ያው ጽሑፍ፣ አንድ ፊደል ሳይነካ፣ ማሻሻያው በርቶ ቢተረጎም ጂሲሲ ጥሪዎቹን ወደ አንድ ዙር ይለውጣቸዋል፤ ሁለት ሬጅስተሮች ይበቃሉ፣ መልሱም 500,000,500,000 ሆኖ በቅጽበት ይመጣል። ክላንግ የተባለው ኮምፓይለር ደግሞ ዙሩንም ትቶ በአንድ ቀመር ሊተካው ይችላል። ታዲያ አንድ ሚሊዮን ኤኖች ነበሩ ወይስ አልነበሩም? በመጀመሪያው ትርጉም እየተደረደሩ ነበር፤ ሚሊዮን ሳይሞሉም ብዛታቸው ፕሮግራሙን ገደለው። በሁለተኛው አንድ መያዣ አለ፣ ዋጋው እየተቀነሰ። በሦስተኛው የሚቆጠር እንኳ የለም። ሦስቱም ለጽሑፉ ታማኝ ናቸው።

ፈላስፋው ጆርጅ በርክሊ በ1710 የሚታወቅ ነገር ህላዌው መታወቁ ነው ብሎ ሲያስተምር ብዙዎች ቀለዱበት። ኮምፓይለሩ ግን ከጥዋት እስከ ማታ የሚሠራው በዚህ ደንብ ነው፤ ማንም ለማያየው ቫሪያብል ባይት አያባክንም። ይህን በተግባር ማየት የሚፈልግ ሰው በተሻሻለ ፕሮግራም ላይ ዲበገር የተባለውን የስሕተት መፈለጊያ ከፍቶ የአንዱን ቫሪያብል ዋጋ ይጠይቅ፤ ብዙ ጊዜ የሚያገኘው መልስ «በማሻሻያ ተወግዷል» የሚል ነው። በተቃራኒው፣ ፕሮግራሙ የቫሪያብሉን አድራሻ ወስዶ ወደማይታይ ሌላ ፋንክሽን ካሳለፈው፣ ኮምፓይለሩ በግድ ስታክ ላይ እውነተኛ ቦታ ይሰጠዋል። አድራሻውን የሚጠይቅ ሰው መኖሩ ነው ነዋሪ የሚያደርገው። ሆኖም ንጽጽሩን ከዚህ መግፋት ስሕተት ይሆናል። በርክሊ ስለ ዓለም ምን እንዳለና እንደሌለ ይናገር ነበር፤ ስታንዳርዱ ግን ስለ ሚሞሪ ምንም አይመሰክርም፣ ኮምፓይለሩ የሚጠየቅበትንና የማይጠየቅበትን ይለያል እንጂ። የቫሪያብል ህላዌ እንደ ድንጋይ ህላዌ ሳይሆን እንደ ውል ህላዌ ነው፤ ግዴታ እስካለ ይኖራል፣ ግዴታው ሲያበቃ ያበቃል።

ፍጻሜውን ሲያዩት ይህ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። ፋንክሽኑ ሲመለስ የሚደረገው የስታክ ጠቋሚውን ወደነበረበት ከፍ ማድረግ ነው። የሚደመሰስ፣ የሚጠረግ ነገር የለም። አንድ ፋንክሽን በሎካል ቫሪያብሉ 42 ጽፎ ይመለስ፤ ወዲያው የተጠራ ሌላ ፋንክሽን ቅርጹ ተመሳሳይ ሆኖ ቫሪያብሉን ዋጋ ሳይሰጠው ቢያትመው፣ ያለ ማሻሻያ በተተረጎመ ፕሮግራም ብዙ ጊዜ የሚወጣው 42 ነው። ሟቹን ያላወቀ ወራሽ ማለት ይህ ነው። የሟች ቫሪያብል አድራሻ በእጁ የቀረ ጠቋሚም እንዲሁ ነው፤ ተከራዩ ለቆ የሄደበትን ቤት በር ሲያንኳኳ አንዳንዴ ባዶ ቤት፣ አንዳንዴ የተረሳ ዕቃ፣ አንዳንዴ ሌላ ሰው ያገኛል። በሲ ሕግ ይህ ትርጉም የሌለው ፕሮግራም ነው። «ጎ» በተባለው ቋንቋ ግን የሎካል ቫሪያብልን አድራሻ መመለስ ይፈቀዳል፤ ኮምፓይለሩ ቫሪያብሉ ከፋንክሽኑ በላይ እንደሚቆይ ሲረዳ ከስታክ አውጥቶ ሂፕ ወደሚባለው የሚሞሪ ክፍል ያዛውረዋል። የረስት ቋንቋ ኮምፓይለር ደግሞ ፕሮግራሙን ከመነሻው አልተረጉምም ይላል። ሚሞሪው አንድ ዓይነት ነው፣ ሞት የሚባለውን የሚወስነው የየቋንቋው ሕግ ነው።

የቫሪያብል ወሰንም ከሕግ በቀር ሌላ ግድግዳ የለውም። በኅዳር 1988 መጀመሪያ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ኢንተርኔትን ያጥለቀለቀው የሞሪስ ዎርም የተባለ ራሱን የሚያባዛ ፕሮግራም ከገባባቸው በሮች አንዱ 512 ባይት የተመደበለት ሎካል ቫሪያብል ነበር። የሚቀበለው ፋንክሽን የሚመጣውን ርዝመት አይለካም ነበር፤ ዎርሙ ከ512 በላይ ላከ፣ ትርፉም በዚያው ፍሬም ከቫሪያብሉ ጎረቤት የተቀመጠውን የመመለሻ አድራሻ ሸፈነው። ፋንክሽኑ ሲመለስ የተመለሰው አጥቂው ወዳዘጋጀለት ነው። 512 የሚለው ቁጥር ለፕሮግራመሩ አጥር ነበር፤ ለማሽኑ ግን 513ኛው ባይት እንደማንኛውም ባይት ነው።

ሕግና ቁስ አካል ፊት ለፊት የሚጋጩት በምሥጢር ጉዳይ ነው። ጠንቃቃ ፕሮግራመር የይለፍ ቃል በሎካል ቫሪያብል ተቀብሎ፣ አረጋግጦ፣ ከመመለሱ በፊት ሜምሴት በተባለው ፋንክሽን ቦታውን በዜሮ ይሞላል። ኮምፓይለሩ ይህን ያነባል። ቫሪያብሉ በሚቀጥለው መሥመር ዕድሜው ያበቃል፤ ከዚያ ወዲያ ማንም በሕግ ሊያነበው አይችልም፤ ማንም የማያነበው ጽሕፈት ደግሞ ከንቱ ነው። ስለዚህ የማጥፊያውን ትእዛዝ ይሰርዘዋል። በሕግ ዓይን አንድም ስሕተት አልተሠራም። የይለፍ ቃሉ ግን ስታክ ላይ ተቀብሮ ቀርቷል፣ ሚሞሪውን ማንበብ ለቻለ ሁሉ። ኦፕንቢኤስዲ የተባለው ኦፕሬቲንግ ሲስተም ለዚህ ሲባል ኮምፓይለር የማይሰርዘው የራሱን ማጥፊያ ፋንክሽን አበጀ፤ ሊኑክስ የሚጠቀምበት የጂሊብሲ ቤተ መጻሕፍትም በ2017 ተቀበለው። በ2024 የታተመው የሲ ስታንዳርድ በበኩሉ ሜምሴት ኤክስፕሊሲት የሚባል ፋንክሽን ጨምሯል። ሥራው ከቀድሞው ሜምሴት ጋር አንድ ነው፤ የተጨመረበት ነገር ማንም ባያየውም ማጥፋቱ የግድ እንዲፈጸም መታዘዙ ብቻ ነው።